«ከዚህ በላይ የሚሄድ የለም» ሁለት ጊዜ የተባለበት ቁጥር

2,147,483,647።

ሁለት ቢሊዮን 147 ሚሊዮን 483 ሺህ 647 ብላችሁ አንብቡት። በግዕዝ ቁጥር ሲጻፍ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ይሆናል፤ እኔ በግሌ እንዲህ ተጽፎ ሳየው ደስ ይለኛል።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን እንደ ግድግዳ ነው። በሲ ቋንቋ «ኢንት» ብለን በምንከፍተው ሣጥን ውስጥ ሊገባ የሚችለው ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። አንድ ብትጨምሩበት ሣጥኑ ይገለበጥና ከዜሮ በታች ሁለት ቢሊዮን ምናምን ሆኖ ቁጭ ይላል። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እንዲህ ተብሎ ተነገረን፣ ደብተር ላይ ጻፍነው፣ ለፈተና ሸመደድነው፣ አለቀ። ይሄ ቁጥር ኮምፒውተር ሳይፈጠር ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ሰዎች ሲጠረጥሩት፣ ሲፈትኑት፣ ሲከራከሩበት የኖረ መሆኑን የነገረን የለም።

ታሪኩን እየተከታተልኩ ስሄድ ከሁሉ የገረመኝ፣ በዚህ አንድ ቁጥር ላይ «ከዚህ አልፎ የሚሄድ አይኖርም» የሚል ፍርድ ሁለት ጊዜ መሰጠቱ ነው። አንዴ በመጽሐፍ፣ አንዴ በኮድ። በመካከላቸው 160 ዓመት ገደማ አለ። ፈራጆቹ ደግሞ ሞኞች አልነበሩም።

ከመሠረቱ እንነሣ። ብቸኛ ቁጥር፣ በተለምዶ ፕራይም የምንለው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ ይቀጥላል። አሁን ሁለትን በራሱ ደጋግማችሁ አባዙና ከውጤቱ ላይ አንድ ቀንሱ። ከ4 ላይ አንድ ሲነሣ 3፣ ከ8 ላይ 7፣ ከ32 ላይ 31፣ ከ128 ላይ 127። ሁሉም ብቸኛ ናቸው። 16ን እና 64ን ሆን ብዬ ዘልያለሁ፤ 15 እና 63 ይካፈላሉና። ልዩነቱ ሁለት ስንት ጊዜ እንደተባዛ ላይ ነው። የተባዛበት ብዛት ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ አይሆንም። ግልባጩ ግን አይሠራም፦ 11 ብቸኛ ነው፣ 2¹¹−1 ግን 2,047 ነው፣ እሱም 23 ሲባዛ በ89።

ሰው ይሄን ለምን ፈለገው? በፍጹም ቁጥሮች ምክንያት። 6 በራሱ አካፋዮች ድምር ይሠራል፦ 1 ሲደመር 2 ሲደመር 3። 28ም እንዲሁ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14። (በባሕረ ሐሳብ 28 ዓውደ ፀሐይ ነው፤ ያ ግን ሰባቱ ዕለታት ከአራቱ ዘመናት ጋር ተባዝተው የመጣ እንጂ ከዚህ ጋር አይገናኝም።) ግሪካዊው ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት እንዳሳየው፣ ሁለት ተባዝቶ አንድ ተቀንሶለት ብቸኛ ቁጥር በመጣ ቁጥር ከእሱ አንድ ፍጹም ቁጥር ይወለዳል። ስለዚህ አዳዲስ ፍጹም ቁጥሮችን የሚፈልግ ሰው ሥራው እነዚህን ብቸኛ ቁጥሮች ማደን ሆነ።

ጣልያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ፣ የቦሎኛ ሰው፣ 2¹⁷−1 እና 2¹⁹−1 ብቸኛ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1588 አገኘ። ያደረገው ግልጽ ነው፤ በትናንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ አካፈላቸው። ለሁለተኛው፣ ማለትም ለ524,287፣ እስከ 724 ድረስ ያሉትን 128 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር በቂ ነበር። እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ከዚያ ግን በ1603 ባሳተመው መጽሐፍ 23፣ 29፣ 31 እና 37ም ይሠራሉ አለ፤ ሳያካፍል። ፌርማ በ1640 የ23ን እና የ37ን ውድቅ አደረገ። የ29 ደግሞ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በኦይለር እጅ ወደቀ። ከአራት ጥይት አንዱ ብቻ ቀረ፦ 31።

በመካከሉ በ1644 ፈረንሳዊው መነኩሴ ማራን መርሰን ስም ዝርዝር አወጣ። መርሰን የዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ ደብዳቤ የሚጻጻፉት ሰው ነበር፤ በዛሬ ቋንቋ የግሩፑ አድሚን በሉት። ዝርዝሩ 31ን ይዟል። 67ን እና 257ን ግን በስህተት አስገብቷል፣ 61ን፣ 89ን እና 107ን ደግሞ ረስቷል። ይሁንና እስከ ዛሬ እነዚህ ቁጥሮች የመርሰን ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ። ሰው ትክክል ባይሆንም ጥሩ ጥያቄ በግልጽ ካስቀመጠ ስሙ ይቀራል ማለት ነው።

ስለዚህ 2³¹−1 ለ170 ዓመት ያህል የተጠረጠረ እንጂ የተረጋገጠ አልነበረም።

ሊዮናርድ ኦይለር ስዊዘርላንድ ባዝል ተወልዶ ዕድሜውን በሴንት ፒተርስበርግና በበርሊን ያሳለፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ዕድሜው 65 ገደማ ነው። አንድ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም ከአንድ ዓመት በፊት ከተደረገለት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ አያይም ማለት ይቻላል። ጽሑፎቹን በቃሉ እየነገረ ለረዳቶቹ ያስጽፋል። በዚያው ዓመት ለበርኑሊ በላከው ደብዳቤ 2³¹−1 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አረጋግጫለሁ አለው።

እንዴት? እስቲ የካታልዲን መንገድ እንከተል። የቁጥራችን ስኩዌር ሩት 46,340 ከምናምን ነው። እስከዚያ ድረስ መሄድ ይበቃል፤ አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥምና። ግን እስከ 46,340 ድረስ ከ4,700 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ከ4,700 በላይ ረጅም ማካፈል፣ በላባ ብዕር፣ ለዚያውም ማየት ለተሳነው ሰው።

ኦይለር መጀመሪያ ያደረገው መካፈል የማያስፈልገውን ማውጣት ነው። ፌርማ ካስቀመጠው ሕግ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ 2³¹−1ን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ እሱ የ62 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። 62 ማለት የ31 እጥፍ ነው። ሌላው ሁሉ ሳይነካ ይወድቃል። አታምኑኝም? በትንሹ ሞክሩት። የ2¹¹−1 አካፋዮች 23 እና 89 ነበሩ፤ የ11 እጥፍ 22 ነው፣ ሁለቱም የ22 ብዜት ሲደመር 1 ናቸው። ካታልዲ የተሳሳተበት 2²³−1 በ47 ይካፈላል፤ 47 ደግሞ 46 ሲደመር 1።

ከዚያ ሁለተኛ ወንፊት ጨመረ። አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። ሁለቱ ወንፊቶች ሲደራረቡ የሚተርፉት ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር፣ 248ን፣ ያዙልኝ፤ ሌላ ቦታ እናገኘዋለን። እስከ 46,340 ድረስ ስንቆጥራቸው ቢበዛ 372 ማካፈል ነው። 372! አንዱም እኩል አላካፈለም።

እኔ ይህን ክፍል ሳነብ የሥራ ቦታ ክርክሮቻችንን ነው ያስታወሰኝ። ሲስተሙ ሲዘገይ የመጀመሪያው ሐሳብ ሁልጊዜ «ሰርቨሩን እናሳድገው» ነው። ኦይለር ሰርቨር አልነበረውም፣ ዓይን እንኳ አልነበረውም፤ ከሥራው ላይ ከአሥር እጅ ዘጠኙን የቀነሰው አንድም ማካፈል ሳይጀምር ነው።

አሁን የመጀመሪያው ፍርድ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ስለ ቁጥሮች ባሕርይ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከኦይለር ቁጥር የሚወለደውን ፍጹም ቁጥር፣ 2,305,843,008,139,952,128ን ጠቅሶ፣ ይህ እስካሁን ከታወቁት ትልቁ እንደሆነ፣ ወደፊትም ከእሱ የሚበልጥ ሳይገኝ እንደሚቀር ጻፈ። ምክንያቱ፦ እነዚህ ቁጥሮች ለማወቅ ጉጉት እንጂ ለጥቅም አይሆኑም፤ ስለዚህ ከዚህ አልፎ ለመሄድ የሚደክም ሰው አይገኝም።

በባርሎው ላይ መሳቅ ቀላል ነው፤ ብዙ የሒሳብ ጸሐፊዎችም ይስቁበታል። እኔ ግን ቁጥሩን ሠርቼ አየሁት። ከ31 ቀጥሎ የሚሠራው 61 ነው። በኦይለር ወንፊት እንኳ ቢሠራ 2⁶¹−1ን ለማረጋገጥ ወደ 6.2 ሚሊዮን ማካፈል ያስፈልጋል። በደቂቃ አንድ፣ በቀን 12 ሰዓት፣ እሑድንም ጨምሮ፣ ከ23 ዓመት በላይ። ለምን ተብሎ? ባርሎው የተሳሳተው መንገዱ አይለወጥም ብሎ በማሰቡ ነው።

መንገዱ ተለወጠ። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካስ በ1876 2¹²⁷−1 ብቸኛ መሆኑን በእጁ አረጋገጠ። ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ነው። ለዚያ የሚሆን አካፋይ ፍለጋ የፀሐይ ዕድሜ አይበቃውም፤ ሉካስ አካፋይ መፈለጉን ጨርሶ ተወው። እሱ የጀመረውን፣ በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ዴሪክ ሄንሪ ሌመር ያጠራውን መንገድ በ31 ላይ ላሳያችሁ። 31 ማለት 2⁵−1 ነው። ከ4 ተነሡ። በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ፦ 14። ድገሙት፦ 194፤ ለ31 ሲካፈል 8 ይተርፋል። 8ን ድገሙት፦ 62፤ ለ31 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ዜሮ መጣ፤ 31 ብቸኛ ነው። በቃ። የተባዛበት ብዛት 5 ከሆነ 3 እርምጃ፣ 31 ከሆነ 29 እርምጃ ነው። የኦይለር 372 ማካፈል በ29 ተተካ። እንዲህ እየተባለ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2024 ላይ 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹−1 ብቸኛ መሆኑ ታወጀ። ሙሉውን ብንጽፈው 41,024,320 አሃዝ አለው።

እስከዚህ ድረስ የሒሳብ ሰዎች ታሪክ ነው። ቁጥራችን ወደ ሽቦ ውስጥ የገባው በሌላ በር ነው።

ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዘው በቢት ነው፤ የበራ ወይም የጠፋ አምፖል በሉት። አይቢኤም በ1964 ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ሲያወጣ አንድ ቁጥር በ32 አምፖል እንዲያዝ አደረገ፤ ይህም ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደ ደንብ ሆኖ ቀረ። ከ32ቱ አንዱ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ወይም በታች መሆኑን ያመለክታል። የቀሩት 31 ናቸው። ሁሉም ሲበሩ 2³¹−1 ይሆናል። አንድ ስትጨምሩ ሁሉም ይጠፉና የምልክቱ አምፖል ብቻውን ይበራል፤ እሱም −2,147,483,648 ተብሎ ይነበባል። የድሮ ታክሲ ኪሎሜትር ቆጣሪ 99,999 ደርሶ ወደ ዜሮ ሲዞር ታውቁ የለ? ያ ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው ወደ ዜሮ ሳይሆን ወደ ታችኛው ጫፍ መወርወሩ ነው።

እንግዲህ ማንም ኢንጂነር «ኦይለር ያረጋገጠው ቁጥር ይሁን» ብሎ 32ን አልመረጠም። 31 ብቸኛ ሆኖ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ለባለ 8 አምፖል ሣጥን ጣሪያው 127 ነው፤ ብቸኛ። ለ16ቱ 32,767 ነው፤ አይደለም፣ 7 ሲባዛ በ31 ሲባዛ በ151 ነው። ለ32ቱ የእኛው ቁጥር። ለ128ቱ ደግሞ ጣሪያው የሉካስ ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ራሱ ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ለባልደረቦቼ ሁሉ ነገርኳቸው፤ ግማሾቹ «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉኝ።

ከዚያማ ይሄ አለ። ባርሎው አይጠቅምም ያለው ብቸኝነት ጠቅሟል። ጌም ውስጥ ዳይስ የሚጥለው ወይም ካርታ የሚበውዘው ኮድ የዘፈቀደ የሚመስሉ ቁጥሮች ይፈልጋል። ያው ሌመር ያቀረበው ዘዴ እንዲህ ነው፦ የያዝከውን ቁጥር በአንድ ቋሚ አባዛ፣ ለአንድ ትልቅ ቁጥር አካፍል፣ ቀሪውን ውሰድ፣ ድገም። በ1960ዎቹ አይቢኤም ማሽኖች ላይ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ራንዱ የሚባለው ቀመር 2³¹ን ራሱን፣ ሳይቀንስ፣ አካፋይ አደረገ። ሁለት ብቻ ተባዝቶ የመጣ ቁጥር ስለሆነ ለማሽኑ ይቀላል። ውጤቱ ግን አሳፋሪ ነበር። የሚወጡትን ቁጥሮች ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ በቦታ ላይ ነጥብ ብታደርጓቸው 15 ጠፍጣፋ ንብርብሮች ላይ ብቻ ይቀመጣሉ። በዚያ ቀመር የተሠሩ ስንት ሳይንሳዊ ስሌቶች ተጠራጣሪ ሆኑ።

አሁን አንድ ብቻ ቀንሱለትና 2³¹−1 አድርጉት። ብቸኛ ስለሆነ፣ ማባዣውን በጥንቃቄ ከመረጣችሁ፣ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች አንዱንም ሳይደግም ሳይዘል ሁሉንም ጎብኝቶ ነው ወደ መነሻው የሚመለስ። የተመረጠው ማባዣ 16,807 ነው፤ ሰባት አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ማለት ነው። ስቲቨን ፓርክና ኪት ሚለር በ1988 ሁሉም ፕሮግራመር ቢያንስ ይህን ይጠቀም ብለው አቀረቡት። ዛሬም በሲ ፕላስ ፕላስ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ አለ። ለምስጢራዊ ነገር አይሆንም፤ ለጨዋታ ግን በሚገባ ይሠራል።

ሁለተኛው ፍርድ በማንም መጽሐፍ አልተጻፈም። በቤል ላብስ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ሲሠሩ ሰዓትን በ32 ቢት ቆጠሩ። በመጀመሪያው አቆጣጠር የሰከንድን አንድ ስልሳኛ እየቆጠሩ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት ሣጥኑ በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ይሞላል። ስለዚህ ወደ ሙሉ ሰከንድ ቀየሩት፣ መነሻውንም ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 አደረጉ። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። በዚህ ሂሳብ ሣጥኑ የሚሞላው ከ68 ዓመት በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት ወደ 68 ዓመት! በ1970ዎቹ ለነበረ ሰው ይሄ ዘላለም ነው። ያኔ የተጻፈ ኮድ እስከዚያ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ግድግዳው አልፎ አልፎ ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል። በዲሴምበር 2014 ዩቲዩብ የሳይ «ጋንግናም ስታይል» ዕይታ የ32 ቢትን ጣሪያ እንዳለፈ አስታውቆ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት እንዳሳደገው ተናገረ። ያ አስቂኙ ነው። በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለ ቦይንግ 787 ያወጣው መመሪያ ግን አያስቅም። የጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ለ248 ቀን ሳይጠፉ ከሠሩ ውስጣቸው ያለው ቆጣሪ ይሞላል፤ አራቱም አንድ ላይ ተነሥተው ከነበር አውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ኃይሉን በሙሉ ሊያጣ ይችላል፣ በረራ ላይ ቢሆንም። 248 ቀን ምን ማለት ነው? ቁጥራችንን በሰከንድ መቶኛ ውሰዱትና ወደ ቀን ቀይሩት፤ 248 ቀን ተኩል ገደማ ይመጣል። የኦይለር 248ስ? ያ ከ31 ሲባዛ በ8 የመጣ ነው፤ ተራ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን እኔን ለአንድ ምሽት እንቅልፍ ነሥቶኛል። መፍትሔው መጀመሪያ ላይ ምን ነበር መሰላችሁ? በየጊዜው አጥፍቶ ማብራት። የእኛው አየር መንገድ ከአፍሪካ የመጀመሪያውን 787 የተረከበው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ስለሆነ ይህ ዜና ለአዲስ አበባም ሩቅ አልነበረም።

እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የብድር ተቋም ችግር አለ ብሎ ጠራን። ሲስተሙን የሠራው ሌላ ድርጅት ነው፤ እኛ ለማየት ነው የሄድነው። አንድ መምህር በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ለቤት መሥሪያ የ20 ዓመት ብድር ወስደዋል። የመጨረሻ ክፍያቸው ሐምሌ 2031 መሆን ነበረበት። የታተመው ወረቀት ግን «ሰኔ 1895 ዓ.ም.» ይላል። የብድር ክፍሏ ኃላፊ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሲስተም ጋሼ ዕዳቸውን በምኒልክ ጊዜ መጨረስ ነበረባቸው እያለኝ ነው» አለችኝ። ሳቅን። መምህሩ ግን አልሳቁም። ሲስተሙ ጊዜው ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈበት ዕዳ ነው ብሎ ሒሳባቸውን ስለዘጋው ደመወዛቸውን ማውጣት አቅቷቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። በሰኔ 1895 ተፈሪ መኮንን ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። እኚህ ሰው የዚያን ጊዜ ዕዳ አለብዎት ተብለው ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል።

ዳታቤዙን ስንከፍተው ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። ቀኑ በ32 ቢት ሰከንድ ነው የሚቀመጠው። ከጣሪያው ያለፈ ቀን ሁሉ 136 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ወደ ኋላ ይወረወራል። ከጣሪያው በላይ የመጀመሪያው ሰከንድ የሚያርፈው ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ዓርብ ማታ ላይ ነው። የሌሎቹን ተበዳሪዎች ዝርዝር ስናወጣ ረጅም ብድር ያላቸው ሁሉ እዚያው አካባቢ ተሰልፈው አገኘናቸው። ይህን ታሪክ መቆፈር የጀመርኩትም ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው።

ጣሪያው ራሱ መቼ ነው? በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በግሪንዊች ከሌሊቱ 3፡14፡07። ወደ እኛ ስትቀይሩት ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አዎ፣ ጥምቀት። ታቦታቱ ጃንሜዳ አድረው፣ ሌሊቱን ቅዳሴው ተቀድሶ፣ ባሕረ ጥምቀቱ የሚባረክበት ሰዓት አካባቢ። ዋሽንግተን ላሉት ገና ሰኞ ማታ ነው። ሌላው ዓለም ማክሰኞ ሥራ ገብቶ የሆነውን ሲያይ፣ የእኛ ቢሮዎች በሕግ ዝግ ናቸው። የትኛው የአይቲ ክፍል ኃላፊ ነው ያን ቀን ስልኩን የሚያነሣው?

ማጋነን አልፈልግም። ኪሳችሁ ያለው አዲስ ስልክ ምንም አይሆንም፣ ሰዓቱን በ64 ቢት ነው የሚቆጥረው። ሊኑክስም ለቆዩት ባለ 32 ቢት መሣሪያዎች ሳይቀር በ2020 በወጣው 5.6 መፍትሔ አዘጋጅቷል። የሚያሳስበው ማንም የማያስታውሰው ነው፦ ጓዳ ውስጥ የተሰቀለ ራውተር፣ የአሳንሰር መቆጣጠሪያ፣ የፋብሪካ ማሽን፣ የጻፈው ሰው አገር ከለቀቀ አሥር ዓመት የሞላው የሒሳብ ሶፍትዌር። ደግሞ ቀኑን መጠበቅ አያስፈልግም። የሃያ ዓመት ውል የሚይዝ ሲስተም ግድግዳውን የሚነካው ሃያ ዓመት ቀድሞ ነው፤ መምህሩ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በማይኤስኪውኤል የምትሠሩ፣ «ታይምስታምፕ» የተባለው የዓምድ ዓይነት ዛሬም የሚቀበለው እስከዚያች ሰከንድ ድረስ ብቻ መሆኑን ማኑዋሉ በግልጽ ጽፎታል። የመሥሪያ ቤታችሁን ሰንጠረዥ ከፍታችሁ እዩት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ማስተካከያው ወደ 64 ቢት መሄድ ነው። አዲሱ ጣሪያ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ በሰከንድ ብንቆጥር 292 ቢሊዮን ዓመት ይወስደናል፤ ፀሐይ ከዚያ በፊት ታልቃለች። ይህ ቁጥር ማለት 2⁶³−1 ነው። 63 ደግሞ ብቸኛ አይደለም። ኦይለር ይህን ቢሰጡት 372 ማካፈል አያስፈልገውም ነበር፣ ወንፊትም አያስፈልገውም፤ በ7 ይካፈላል። የተረፈውም አንዴ እንደገና በ7 ይካፈላል።